ዲጄ ራፕ ሳያደርግ አልበሙ የሱ ነው ወይ? የባሕር ዳር ልጆች ፍረዱኝ

ደንገል (ውይይቱን የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ሆድ ብሶኝ ነው።

ሥራዬ ዲጄነት ነው። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሙሽራ ሲገባ ምን እንደሚከፈት፣ ሚዜ ሲሰክር ምን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ከሥራ ስገባ ሌሊት ሌሊት የራሴን ቢት፣ ማለትም ራፕ የሚደረግበትን ሙዚቃ፣ ስሠራ ነበር። አሁን 11 ትራክ አለኝ። ሂፕሆፕ ነው። ስምንት ተጋባዥ ራፐሮች አሉበት፤ ስድስቱ የዚሁ ከተማ ልጆች፣ አንዷ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ። እኔ አንድም ቦታ አልዘፍንም፣ ራፕም አላደርግም። ቢቱ የኔ ነው፣ ስክራቹ (ሸክላውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲሉት የሚያወጣው ድምፅ) የኔ ነው፣ ከድሮ ዘፈን የተቆረጠውን ሁሉ ለቅሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ የወሰንኩትም እኔ። የቀዳነው እኔ መኝታ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ሰቅዬ።

ሽፋኑ ላይ ያለው የኔ ስም ብቻ ነው። ተጋባዦቹ በየትራካቸው ተጽፈዋል። ትናንት ይህን ሽፋን ለሁሉም በቴሌግራም ላክሁላቸው። የአዲስ አበባው ልጅ በድምፅ መለሰልኝ፦ «ድምፁ የኛ፣ ግጥሙ የኛ፣ አልበሙ ያንተ? አንተ እኮ ማጫወቻ ነህ!»

ማጫወቻ። ይቺ ቃል ሌሊቱን ስትከነክነኝ አደረች።

እውነቱን ልናገር፣ የተጣላነው በሽፋኑ ብቻ አይደለም። 6ኛው ትራክ ስለ ጣና አሣ አጥማጆች ነው። ልጁ 24 መስመር ላከልኝ፤ 16ቱ ስለ ቦሌ ነው። ስምንቱን አስቀርቼ ሌላውን ቆረጥኩት። አሁን «ወይ ሙሉውን መልስ፣ ወይ ስሜን ከላይ ጻፍ» ብሎኛል። ከስምንቱ ሁሉ ስም ያለው እሱ ነው፤ ቢወጣ ይጎዳኛል።

ተሳስቻለሁ?


ባለባጃጁ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ስለ አሣ ንገረኝ ስትለው ስለ ቦሌ የሚነግርህ ሰው አሣውን በልቶ ነው የሄደው። ቁረጠው።


ፔዳ_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ወንድሜ፣ «ማጫወቻ» ያለህ ልጅ የሚሠራበትን ሙዚቃ ታሪክ አያውቅም። በተራ ከሆነ መጀመሪያ የመጣው ዲጄው ነው፤ ራፐሩ የዲጄው ረዳት ነበር።

ኩል ኸርክ የሚባለው የጃማይካ ተወላጅ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11፣ 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ሕንጻ እህቱ ያዘጋጀችው ድግስ ላይ አጫወተ። ሰዉ የሚጨፍረው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቦታ ላይ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ይዞ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከዚያችው ቦታ እያስነሳ አሥር ሰከንዷን አምስት ደቂቃ አደረጋት። ማይክ የያዘው ሰው ሥራ ሰዉን ማሟሟቅ ነበር፤ «እንዴት ናችሁ»፣ «እገሌ መኪናህን አንሣ» ዓይነት። ራፕ ከዚያ ነው ያደገው። ለዚህ ነው የድሮ ቡድኖች ስም ላይ ዲጄው ቀድሞ የሚጠራው፤ ግራንድማስተር ፍላሽና አምስቱ፣ ኤሪክ ቢና ራኪም፣ ጃዚ ጄፍና ፍሬሽ ፕሪንስ።

ታዲያ ዲጄው መቼ ወደ ኋላ ቀረ? ስቱዲዮ ሲገባ። በ1979 ሂፕሆፕን ለዓለም ያስተዋወቀው የመጀመሪያ ትልቅ ዘፈን «ራፐርስ ዲላይት» ሲቀዳ ዲጄ የለበትም፤ ሙዚቀኞች ተቀጥረው የሌላ ዘፈን ባስ እየመቱ ሦስት ልጆች ራፕ አደረጉበት። ድግሱን የፈጠረው ሰው ሸክላው ላይ የለም። ፍላሽ በ1981 በሸክላ ማጫወቻ ብቻ የተሠራ ሥራ ሲያወጣ «እኔም አለሁ» ማለቱ ነበር።

በስሙ አልበም አውጥቶ ሌሎችን የጋበዘ ዲጄ ከፈለግህ ደግሞ ማርሊ ማርል አለልህ፣ 1988። የሬዲዮ ዲጄ ነበር፣ የሰፈሩን ራፐሮች ሰብስቦ በራሱ ስም አወጣ። ከውስጡ አንዱ ትራክ ላይ አራት ልጆች ተራ በተራ ይገባሉ፤ ማስታ ኤስ፣ ክሬግ ጂ፣ ኩል ጂ ራፕ፣ ቢግ ዳዲ ኬን። እስከ ዛሬ ድረስ የመጋበዝ ትምህርት ቤት ነው። በ1997 የሳይፕረስ ሂል ቡድን ዲጄ ሙግስ፣ በ1998 ፒት ሮክ፣ በ2002 ጃዚ ጄፍ ተከተሉ። ማንም «ማጫወቻ» አላላቸውም።


ቀጥታ_ልናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ፔዳ ማዶ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ከእነዚያ በኋላ የመጡት የዲጄ አልበሞች አብዛኞቹ የእድር መዝገብ ናቸው። ሃያ ስም፣ ሃያ ዓይነት ስሜት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የራሱን ስም የሚጮኽ ሰውዬ። ዲጄ ካሊድ ከ2006 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዶ በ2020 ግራሚ ወስዷል፤ አልከለክለውም፣ ሰው ማገናኘትም ሙያ ነው። ግን አልበሙን ከሰማሁ በኋላ ሰውዬው ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያመው ካላወቅሁ የማን ነው ልበል?

ደንገል፣ አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ራፐሮቹን ሁሉ ብናጠፋቸው የሚቀረው ነገር አንተን ይመስላል? ወይስ ማንም ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቢት ነው?


ደንገል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ጥያቄህ አመመኝ፣ ግን ትክክል ነው። እውነት ለመናገር ሁለት ትራክ ላይ ማንም ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ላይ ግን እኔ ነኝ። 3ኛው የሚጀምረው አባቴ የደንገል ታንኳ ሲያስር የቀዳሁት ድምፅ ነው፤ ደንገሉ ሲጠብቅ የሚያሰማው እንደ አሮጌ በር ያለ ሲጥ ሲጥ አለ፣ እሱን ቆርጬ የከበሮው ቦታ ላይ አስገባሁት። 6ኛው ላይ መሰንቆ አለ። 9ኛው ላይ የኔ ሠርግ ሥራ አለ፤ የእልልታ ድምፅ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ።


ካሴት_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ራፕ አልሰማም፤ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ነገር ግን በ1980ዎቹ እዚሁ ባሕር ዳር ካሴት ቤት ነበረኝና አንድ ነገር ልበል።

በዚያ ጊዜ ሰው መጥቶ የሚጠይቀኝ «የእገሌ አዲሱ ገብቷል?» ብሎ ነው። እገሌ ማለት ዘፋኙ ነው። ማን አቀናበረው ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ቆይቶ ግን ተለወጠ፤ እነ አበጋዝ፣ በኋላም ኤልያስ መልካ ከመጡ ወዲህ ወጣቱ ሽፋኑን ገልብጦ «ቅንብር» የምትለውን መስመር ማንበብ ጀመረ። ዘፋኙን ሳያውቀው በአቀናባሪው ስም ብቻ የገዛ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እናም ከኋላ ያለው ሰው ባለቤት ነው የሚለው ነገር ለኛ አገር ባዕድ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄም እኮ ቪብራፎኑን ነው የሚመታ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ካወጣቸው ጀምሮ ሸክላዎቹ ላይ ያለው ስም የሱ ነው፣ የኛ ሰው ግን ዘፈን ሲባል ዘፋኝ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ዲጄ የሚባል ነገር ሳላውቅ ዲጄ ነበርኩ። አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሹፌሮች ይመጡና «ለመንገድ ምረጥልኝ» ይሉኛል። ለአንድ መንገድ ብዙ ባዶ ካሴት፣ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ፣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ፣ ግራ ላይ ዋናው፣ ቀኝ ላይ ባዶው። መምረጡ ቀላል ነው፣ ማስከተሉ ነው ጣጣው። ከባሕር ዳር እስከ ደንበጫ ሞቅ ያለ ትሰጠዋለህ፣ ገና ትኩስ ነው። ደጀን ከደረሰ በኋላ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር ትዝታ አታስገባበትም፤ ሹፌር ተክዞ ጠመዝማዛ መንገድ አይነዳም። ትዝታ የምታስገባው ጎሃ ጽዮን ከወጣ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ነው። እያንዳንዱን ዘፈን ስንት ደቂቃ እንደሆነ በሰዓቴ እየለካሁ፣ የካሴቱ ገጽ የሚያልቅበት ቦታ የት እንደሚደርስበት እያሰብኩ ነበር የምቀዳ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ አንድ የሐዘን እንጉርጉሮ ቁልቁለቱ መሐል አስገብቼበት፣ ሹፌሩ ተመልሶ መጥቶ «አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው?» አለኝ።

እነዚያን ካሴቶች ሹፌሮቹ የዘፋኞቹን ስም አይጠሩባቸውም። በኔ ቤት ስም ነበር የሚጠሯቸው።

እና ልጄ ደንገል፣ ማስከተል የራሱ ሥራ ነው፣ ባለቤት ያደርጋል። ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ፣ እኔ ለአንዱም ዘፋኝ አንዲት ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም። በዛሬው ሕግ ሌባ ነበርኩ። አንተ እንደኔ አትሁን።


ፔዳ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡25

ጋሼ፣ ስለ ዓባይ በረሃው የጻፉት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እነዚያ ካሴቶች አንድም አልቀረ?


ካሴት_ቤት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

አንድ አለኝ። ሪባኑ ተጣብቋል። በእስክርቢቶ ሳዞረው ይንቋቋል፣ እንዳይበጠስ ፈርቼ ተውኩት።


የሽምብጥ_ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

ሁላችሁም ስለ ባለቤትነት ስታወሩ ማንም ያላየውን ልጠይቅ። ደንገል፣ ከስምንቱ ተጋባዦች ስንት ሴት አለች? አንዷ የደብረ ማርቆሷ ናት። እና እሷ ምን ታደርጋለች? ልገምት፤ አዝማቹን ትዘፍናለች።


ደንገል
ረቡዕ፣ ቀን 6፡48

አዎ፣ አዝማቹን ነው። 4ኛውና 10ኛው ላይ።


የሽምብጥ_ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡02

አውቄው ነበር። ወንዶቹ ጉልበታቸውን ያሳያሉ፣ ሴቷ መሐል መሐል ላይ ማር ትቀባለች። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ካሉት ወንዶች ሁሉ የተሻለ ቤት ትመታለች። ስድብ አይደለም፣ ግን ጋባዥ ነኝ ካልክ ማንን የት እንደምታስቀምጥ ነው የምትመዘነው። ድግስ ጠርተህ ሴቶቹን ጓዳ ካስገባህ ድግሱ ያንተ ነው፣ ነውሩም ያንተ ነው።

ደግሞ 6ኛው ትራክ ላይ 16 መስመር ባዶ ቦታ አለህ አይደል?


ባለባጃጁ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ኧረ እቺ ልጅ!!!


የመሰንቆ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

እኔ የአዝማሪ ቤተሰብ ነኝ፤ አባቴም አያቴም በመሰንቆ ነው ያሳደጉን። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛው ስለ ክርክራችሁ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። እንግዳው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበልና በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙ የእንግዳው ነው፤ ስድቡም ሙገሳውም የእንግዳው ነው። ነገር ግን ማንም ማታ ሲወጣ «የእገሌን ስንኝ ሰማን» አይልም፣ «የእገሌን አዝማሪ ቤት አመሸን» ነው የሚል። ምክንያቱም አዝማሪው ከአሥር ተቀበል ስድስቱን ነው የሚያነሣው። አንዱን ሳይሰማ ያልፈዋል፤ አንዱን ደግሞ ቃሉን ሰበር አድርጎ፣ የሰጪውን ሰም ወደ ሌላ ወርቅ ገልብጦ ይመልስለታል። ሰጪው ራሱ ይስቃል። ደንገል ያደረገው ይኸው ነው፤ 24 ተሰጠው፣ 8 ተቀበለ። ያዲሳባው ልጅ የተቀበል ሥርዓት ቢያውቅ አይቆጣም ነበር።

ሁለተኛው ግን ለራስህ ነው አያ ደንገል። 6ኛው ላይ መሰንቆ አለ ብለሃል። ማን ነው የመታው? የት ቀዳኸው? ምን ከፈልከው? ስሙስ ሽፋኑ ላይ አለ?


ደንገል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

አልዋሽም። ከስድስት ወር በፊት አንድ ቤት ስንጫወት በስልኬ የቀዳሁት ነው። 500 ብር ግንባሩ ላይ ለጥፌለት ነበር። ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም።


የመሰንቆ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡22

ግንባር ላይ የተለጠፈ ሽልማት ነው፣ ክፍያ አይደለም። ሽልማት ያመሰገንክበት ነው። የሸለምከው ለዚያች ማታ ነው እንጂ ድምፁን ከነቤቱ አልገዛኸውም። «ድምፁ የኛ፣ አልበሙ ያንተ» ያለህ ልጅ ላንተ ነውር ከሆነ፣ ይህ አዝማሪ ምን ይበል? እሱ እኮ አልበም መኖሩንም አያውቅ።


ጠበቃ_አይደለሁም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ስሜ እንደሚለው ነው፣ ግን ሕግ ተምሬያለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። «ተዛማጅ» የምትለው ቃል የገባችው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ግጥምና ዜማ የደረሰው አንድ መብት አለው፤ የተጫወተው ሰው ደግሞ በአጨዋወቱ ላይ የራሱ መብት አለው። አዝማሪው ዜማውን ባይፈጥረውም፣ የሕዝብ ዜማ ቢሆንም፣ አመታቱ የሱ ነው። የደራሲው መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «የድሮ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚለው የሠፈር ወሬ ነው።

የራፐሩ ጉዳይም በዚሁ ይታያል። ግጥሙ የሱ ነው፤ ስሙ እንዲጠቀስ መጠየቅ ይችላል፤ አንተም በትራኩ ላይ ጠቅሰኸዋል። ከሽፋኑ አናት ላይ መጻፍ ግን የስምምነት ጉዳይ ነው። መቁረጥህም ላይ ቢሆን አንድ ወረቀት ብትፈራረሙ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ማን ምን ሠራ፣ ገንዘብ ከመጣ እንዴት ይከፈላል፣ ማሳጠር ይቻላል አይቻልም። ጓደኛሞች ስለሆንን አንፈራረምም የሚሉ ሰዎች ናቸው በኋላ የማይነጋገሩት።


ፔዳ_ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

በዚህ ነገር እኛም በሌላው ላይ ነን፣ ሌላውም በኛ ላይ። ኦ ኖ የሚባለው አሜሪካዊ ቢት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ አልበም የሠራው ከኢትዮጵያ ድሮ ዘፈኖች እየቆረጠ ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚየን ማርሊ በ2010 ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ያለው የሙላቱ ሙዚቃ ነው። እኛ ከሰማነው በኋላ «ኧረ ይሄ የኛ ነው!» ብለን ጮኸናል። ታዲያ ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ ከፍተን አዝማሪ ስንቀዳ ምን ልንባል ነው?

በነገራችን ላይ ደንገል፣ መሰንቆውን ቢቱ ላይ እንዴት አስቀመጥከው? እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድም ቅኝቱ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥምም፣ አንድም ምቱ ስድስት ስምንት ነው፣ ሂፕሆፕ ደግሞ አራት አራት።


ደንገል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ስለዚህ ብትጠይቀኝ ሌሊቱን አወራለሁ። ቅኝቱ፣ አንቺሆዬ ነው የመታልኝ፣ ግን ጭራውን የወጠረው በጆሮው ነውና ከኪቦርዱ ወደ ሩብ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። መጀመሪያ መሰንቆውን በኮምፒውተር ወደ ላይ ሳብኩት፤ ሳብኩት እንጂ ሞተ፣ እንደ ትንኝ ሆነ። ከዚያ ተውኩትና ባሱን ወደሱ አወረድኩት። መሰንቆው አይንቀሳቀስ፣ ሌላው ይምጣለት።

ምቱ ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ። የኛ ጭብጨባ ሦስት ሦስት እያለ ነው የሚሄድ። በአራት ብቆርጠው እስክስታው ይሰበራል፤ ትከሻው መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። በመጨረሻ ኪክና ስኔሩን (ዋናዎቹን ከበሮዎች) በአራት አስቀመጥኩ፣ ሃይሃቱን (ጽስ ጽስ የሚለውን ብረት) ግን ለእያንዳንዱ ምት ሦስት አደረግሁት። አሁን ራፐሩ ከፈለገ በአራቱ ይሄዳል፣ ከፈለገ በሦስቱ ይንሸራተታል። የኛ ልጆች በቀላሉ ገቡበት። ያዲሳባው ልጅ አንዱን መስመር በአራት፣ አንዱን በሦስት እያለ ሲሄድ፣ አልክድም፣ ያ ስምንት መስመር አልበሙ ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ለዚህ ነው ያልጣልኩት።


ዘጌ_ማዶ_ቡና
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ወንድሜ፣ አልበምህን አልሰማሁም፣ ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ባሕር ዳር ስለሆነ ብለህ የገዳማቱን የድንጋይ ደወል፣ ጸናጽሉን፣ ማኅሌቱን ቢት ውስጥ እንዳትከት። ሰሞኑን ይህን የሚያደርጉ አይቻለሁና ነው።


ደንገል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡18

አልከተትኩም። ግን ሳይታወቀኝ ገብቶ ነበር። አንዱን ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ስንቀዳ የጊዮርጊስ ማኅሌት በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ጋቢው አላገደውም። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ልክ ቨርሱ፣ ማለትም ልጁ ራፕ ያደረገው ግጥም፣ ሥር ዘልቆ ገብቷል። ያምር ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ሁለት ቀን አስቤ ልጁን እንደገና አስቀዳሁት። እናቴ ብትሰማው ምን ትለኛለች የሚለው ነው ያሸነፈኝ።


ቀጥታ_ልናገር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ትናንት «ራፐሮቹ ቢጠፉ ምን ይቀራል» ብዬ ነበር። ይህ መለሰልኝ። የሚያምር ነገር አግኝቶ የሚተው ሰው አልበም አለው። እነዚያን «ማንም ሊሆን ይችላል» ያልካቸውን ሁለት ትራኮች ግን ጣላቸው። 9 ይበቃል።


ደንገል
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ሦስት ቀን የጠፋሁት በምክንያት ነው። የሆነውን ላውራችሁ።

ሐሙስ አዝማሪው ዘንድ ሄድኩ። የመሰንቆ ልጅ አብሮኝ ሄደ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ሰውዬው በስልክ ሲሰማው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺ የኔ ናት?» አለ። ናት አልነው። «እንዲህ ስትቆርጣት ግን መሰንቆዬ ጉንፋን የያዘው መሰለ» ብሎ ሳቀብን። ከቤቱ መሰንቆውን አውጥቶ እንደገና መታልኝ፤ ዘንድሮ የገዛሁት ማይክ ነበረኝ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ክፍያ ተነጋገርን፣ ተፈራረምን፣ ጠበቃ አይደለሁም የነገረኝን አንድ ገጽ ወረቀት ነው የተጠቀምኩት። ስሙ ሽፋኑ ላይ ከሁሉም ተጋባዦች በፊት ነው የተጻፈው። በዕድሜም ይቀድማል።

ዓርብ ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። ልጅቷ «አዝማች ነው?» አለችኝ ገና ሰላም ሳልላት። ቨርስ ነው አልኳት፣ 16 መስመር፣ ስለ አሣ አጥማጅ። ዝም አለች። «የአሣ አጥማጁን ሚስት ልሁን?» አለችኝ። ቅዳሜ ማታ በአውቶቡስ መጥታ ቀዳን። የእሷ ሴትዮ ባሏ በሌሊት ሐይቁ ላይ ሄዶ ታንኳውን እምቦጭ ይዞበት እስኪመለስ ምድጃ ዳር የምትቀመጥ ናት፤ «እሳቱ ነው የሚጠብቀው እኔ አይደለሁም» የምትል አንድ መስመር አለቻት። ቅኔ ነው ትላለች፣ እኔ ገና ወርቁ ላይ እየደረስኩ ነው። የጎጃም ልጅ አይደለች፣ አያቷ ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማሩ ናቸው አለች።

ያዲሳባው ልጅ ነው የቀረው። የእሷን ቨርስ ላክሁለት፣ ምንም ሳልጽፍ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ስምንቷ ትበቃኛለች፣ ከሷ በኋላ አስገባኝ» ብሎ ጻፈ። ስለ ሽፋኑ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም።

ሁለቱን ትራክ ጣልኳቸው። 9 ሆነ።


የሽምብጥ_ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡11

«ከሷ በኋላ አስገባኝ» 😂 አሁን ገና ራፐር ሆነ።


ካሴት_ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ዘጠኙን በምን ተራ አስቀመጥካቸው? የአሣ አጥማጁን መሐል ላይ አታድርገው። ከባድ ነገር መሐል ላይ ሲሆን ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን አይሰማም።


ደንገል
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡36

ጋሼ፣ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ነው ያስቀመጥሁት። ከሱ በኋላ የእልልታው ይመጣል። ጎሃ ጽዮን ከወጣን በኋላ ማለቴ ነው።


ካሴት_ቤት
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጎበዝ።


ባለባጃጁ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

ትናንት የላክልኝን ሦስቱን ትራክ ባጃጁ ላይ ስሞክር ዋልሁ፣ ከፔዳ ገበያ፣ ከገበያ ፖሊ። ሌላ ስፒከር ላይ አላውቅም፣ የኔ ባጃጅ ላይ ግን ባሱ የለም። ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። መሰንቆው ግን ይሰማል፤ አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው «ምነው አጮህከው» ሳይሉ ሁለት ጊዜ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። የአሣ አጥማጁ ላይ ሴቷ ስትገባ አንድ ተሳፋሪ ወራጅ ካለ በኋላ ሳይወርድ ቆየ፣ ሒሳብ አስከፍዬዋለሁ።


ፔዳ_ማዶ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡22

ባሱ የጠፋው በጣም ታች ስለሆነ ነው። ትንሽ ስፒከር ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ አያወጣም። ባሱ ላይ ትንሽ መሻከር ጨምርበት፣ ከላይ ያለው ድምፅ ሲሰማ ጆሮ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል።


ደንገል
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

አሁኑኑ እየሞከርሁት ነው። መብራት እስኪሄድ።


ደንገል
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡05

ሄዶ መጣ። ጨርሻለሁ። አያ ባለባጃጁ፣ ነገ የት ትገኛለህ?


ባለባጃጁ
እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡09

ከ11 ሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ ጋ ነኝ። ፍላሹን ይዘህ ና፤ ቴሌግራም አትላክ፣ ካርዴ አልቋል።